የዶማ ዛቢያ፣ የጎልፍ ዱላ እና ወገባችን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወገብ ሕመም ነው፤ ግን በጎልፍ በኩል ዞሬ ነው የምመጣው። ቤሌ ላይ ጎልፍ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ዝናብ ሲገባ "ወገቤን" የሚለኝ ሰው ይበዛል። አንድ አባት (ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል) ሲመጡ መርምሬ ማስታገሻ አዘዝኩና "ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ዶማ አይንኩ" አልኳቸው። "ልጄ፣ በቆሎውን አንተ ትዘራልኛለህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በቀጠሯቸው ዶማውን ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ዛቢያው ተሰብሮ የቀረው ቁራጭ 70 ሴንቲ ሜትር አይሞላም!

አሁን ወደ ጎልፍ። ተጫዋች በውድድር ላይ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል። ረጅሙ፣ ድራይቨር የሚባለው፣ 115 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዌጅ የሚባለው አጭር ዱላ 90 ገደማ። በረጅሙ ሲመታ ቀና ብሎ ይቆማል፣ ዱላውም በጎን ሰፊ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ሰውነቱ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ዱላው ስለረዘመ ጫፉ ይበልጥ ይፈጥናል። በአጭሩ ሲመታ ግን ወደ ኳሱ ቀርቦ ጎንበስ ማለት አለበት፣ ምቱም ከላይ ወደ ታች ይሆናል። በሁለቱም ጉልበቱ የሚነሳው ከእግርና ከዳሌ ነው፤ ወገብ አስተላላፊ ነው። እንዲያም ሆኖ ታይገር ዉድስ በተደጋጋሚ የወገብ ቀዶ ሕክምና አድርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አከርካሪው እስከ መገጣጠም ደርሷል።

ጎልፈኛው የሚጎነበሰው ለሰከንዶች ነው። የእኛ ገበሬ ከጠዋት እስከ ማታ።

ስሌቱን እንየው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከወገቡ በላይ ያለው 35 ኪሎ ገደማ ነው። ጎንበስ ሲል ይህ ክብደት ከወገብ አጥንቱ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጣ እንበል። ይዞ የሚያስቀረው የጀርባ ጡንቻ ደግሞ ከአጥንቱ መሃል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ጡንቻው በ6 እጥፍ፣ 210 ኪሎ እንደሚያነሳ ሆኖ ይጎትታል። ዶማው ገና አልተነሳም! ይህ ሁሉ ጭነት ዲስኩ ላይ ያርፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አጭር ዛቢያ ያለው መኮትኮቻ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለከለው የእርሻ ሠራተኞችን ወገብ ስለጎዳ ነው።

እና ምን እናድርግ? መጀመሪያ ዛቢያውን ቀይሩ። መሬት ላይ ስታቆሙት ደረታችሁ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። ግን ረጅም ዛቢያ ላይ ከባድ ብረት ከገባ ትከሻ ይጨርሳል፤ ብረቱ ቀለል ይበል። አንድ እግር ወደ ፊት፣ ጉልበት ላላ አድርጉ፣ ስትጎነበሱም ከዳሌ እንጂ ከወገብ አትታጠፉ። እጅና እግር እያቀያየራችሁ ሥሩ፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎን መዞር አንዱን ጎን ብቻ ያደክማል። በየመሃሉም ቀና በሉ። ጎደሬና ዝንጅብል ስታወጡ አጭሩ ዶማ ግድ ከሆነ ተንበርከኩ እንጂ ቆማችሁ አትጎንበሱ።

እኒያ አባት ዛቢያውን አስቀይረዋል። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በቆሎው ተዘርቷል።

አንድ ነገር ግን በዛቢያ አይታለፍም። ሽንት ከከለከለ ወይም ካመለጠ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከሰነፈ፣ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ሕመምም መታየት አለበት።

የእናንተ ዶማ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ለክታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።