ከሁለት አሮጌ መኪና አንድ ሲሠራ፤ ስለ ሻንሲ ቁጥር የሚነሣ የሕግ ጥያቄ

አንድ ነጋዴ ሁለት አሮጌ ላንድሮቨር አሉት እንበል። የአንደኛው ሞተር ደኅና ሲሆን ሻንሲው በዝገት ተበልቷል፤ የሁለተኛው ሻንሲ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞተሩ መሥራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። መካኒኩ፣ ከሁለቱ አንድ ደኅና መኪና እንደሚወጣ ያረጋግጣል፤ ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን ሥራው ሲፈጸም በግቢ የሚቆመው መኪና አንድ፣ በመሳቢያ የሚገኘው ሊብሬ ሁለት ይሆናል። እንግዲህ የተሠራው መኪና በሕግ ፊት የትኛው ነው?

የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አሮጌውን መኪና ማደስ ለብዙ ሰው አትራፊ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው የጋራዥ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጥያቄ ነው።

የመኪና መታወቂያ በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ዛሬ በዓለም የሚሠራበት ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። የቀድሞዎቹ መኪናዎች ቁጥር ግን ከዚህ ያጠረ ነው። ሞተር የራሱ ቁጥር ቢኖረውም የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ ሻንሲ ግን የመኪናው አጥንት ነው። በመሆኑም ከላይ በተነገረው ምሳሌ የተሠራው መኪና ሻንሲውን የሰጠው ሁለተኛው ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሊብሬው የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ስለሚይዝ፣ ባለንብረቱ የገባው ሞተር የእርሱ መሆኑን በማስረጃ አሳይቶ፣ መኪናውን አስመርምሮ፣ አዲሱን የሞተር ቁጥር ማስመዝገብ ይገባዋል። የፈረሰውንም መኪና ሊብሬና ታርጋ መልሶ መዝገቡን ማዘጋት ይኖርበታል።

ፈጽሞ የማይገባው ሥራ ቁጥሩን ከአንዱ ሻንሲ ቆርጦ በሌላው ላይ መበየድ፣ ወይም ፍቆ እንደገና መምታት ነው። ብዙዎች «ሁለቱም መኪናዎች የራሴ ናቸው፤ ማንን በደልሁ?» ይላሉ። ይሁን እንጂ የተሰረቀ መኪናም የሚሸሸገው በዚሁ ዘዴ ስለሆነ፣ መርማሪው ቅን ሰውን ከሌባ የሚለይበት ምልክት አያገኝም።

በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ተዋሕዶ ሳይበላሽ ሊለይ የማይችል ነገር ራሱን የቻለ ዕቃ መሆኑ ይቀራል። እንግዲያስ ከሁለቱ መኪናዎች አንዱ ለባንክ መያዣ ሆኖ ሳለ አካሉ ተቆርጦ በሌላው ላይ ቢበየድ፣ ባንኩ ዋስትናውን ፍለጋ ወደ ማን ይሄዳል? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪናም ቀረጡ ሳይከፈል ፈርሶ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ የጉምሩክ ጥያቄ ያስነሣል። የመድን ውል የሚጻፈውም በሻንሲና በሞተር ቁጥር ስለሆነ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ቁጥሩ ካልገጠመ ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ጥያቄ ተቸግረዋል። በእንግሊዝ አገር ዕድሜው ወይም ማንነቱ ሊረጋገጥ ያልቻለ መኪና በኪው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጠዋል፤ ገዢውም ታርጋውን በማየት ብቻ የሚገዛውን ያውቃል። ዋጋው ዝቅ ሊል ይችላል፤ የተደበቀ ነገር ግን የለም።

ስለዚህ ባለንብረት ብረት ከመቆረጡ በፊት የሁለቱንም መኪናዎች ቁጥር ከሊብሬያቸው ጋር ያመሳክር፤ ዕዳና የቀረጥ ግዴታ አለመኖሩን ያጣራ፤ የሚመዘግበውንም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ። የመለዋወጫ ነጋዴም ያገለገለ ሞተር ሲሸጥ ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የሚደክሙበት የአንድ ቀን ጉዳይ በኋላ ከሚመጣ የብዙ ዓመት ሙግት ያድናል።