ለሎድ ቴስት በየትኛው ፕሮቶኮል እንቅዳ?

የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ የሆነው ኸልዝኬር ዶት ገቭ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት ሚሊዮኖች ጎረፉበት። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን መጨረስ የቻሉት ግን ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥርዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈተሸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ እንደነበር ኮንትራክተሮቹ በኋላ ለምክር ቤቱ ተናግረዋል።

እንዲህ ያለውን ጎርፍ አስቀድሞ የሚሞክረው ሥራ ሎድ ቴስት ነው። ሺህ ሰው ሰብስቦ በአንዴ እንዲጠቀም ማድረግ ስለሚከብድ የአንድ ተጠቃሚ እንቅስቃሴ ይቀዳል፤ ከዚያም የተቀዳው ስክሪፕት በሺህ ምናባዊ ተጠቃሚዎች ስም ወደ ሰርቨሩ ይለቀቃል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን ሎድራነር የተባለ ሶፍትዌር የከፈተ ሰው ግን ገና ምንም ሳይቀዳ ረጅም የፕሮቶኮል ዝርዝር ይቀርብለታል። ጀማሪው «የምፈትሸው ድረ ገጽ ነው» ብሎ ዌብ ኤችቲቲፒ/ኤችቲኤምኤል የሚለውን ይጫናል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ምርጫው መነሳት ያለበት ግን በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ከሚመላለሰው ነገር ነው።

ይህን ለማየት ምንም መግዛት አያስፈልግም። ክሮም ላይ ኤፍ 12ን ተጭኖ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል መክፈት፣ ከዚያም መተግበሪያውን እንደ ወትሮው መጠቀም ነው። የሚታየው ተራ ጥያቄና መልስ ከሆነ ኤችቲቲፒ ይበቃል። ተከፍቶ የሚቆይ የዌብሶኬት መስመር ካለ፣ ለምሳሌ በቀጥታ ውይይት ወይም በሚለዋወጥ የዋጋ ሰሌዳ ላይ፣ ኤችቲቲፒውን ብቻ የያዘ ስክሪፕት የሥራውን ግማሽ ጥሎ ይሄዳል።

ኤችቲቲፒ ሲመረጥም ሁለት የአቀዳድ መንገድ አለ። አንደኛው ገጹን እንደ አንድ ድርጊት ይመዘግብና ሥዕሎቹንና ፋይሎቹን ስክሪፕቱ በድጋሚ ሲሄድ ከገጹ ውስጥ ራሱ ይፈልጋል፤ ስክሪፕቱ አጭርና የሚነበብ ይሆናል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻ ይጽፋል። ገጹ በጃቫስክሪፕት የሚገነባ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ይረዝማል፣ ግን ምን እንደተላከ በግልጽ ይታያል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ግን የተቀዳው ስክሪፕት በድጋሚ ሲሄድ ነው። የመግቢያ ቅጽ ሲከፈት ሰርቨሩ ለዓይን የማይታይ ቶክን ከገጹ ጋር ይልካል፤ ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ያው ቶክን አብሮ ይመለሳል። ቀረጻው የዕለቱን ቶክን እንዳለ ስክሪፕቱ ውስጥ ይጽፈዋል። በማግስቱ ሰርቨሩ አዲስ ቶክን ሲሰጥ ስክሪፕቱ የትናንቱን ይመልሳል። ሰርቨሩም «እባክዎ እንደገና ይግቡ» የሚል ገጽ ያወጣል፤ አብሮት የሚመጣው ኮድ ግን 200፣ ማለትም የስኬት ኮድ ሊሆን ይችላል። በሪፖርቱ ላይ ሺህ ሰው ያለ ስህተት የገባ ይመስላል፤ አንዱም ግን አልገባም። መፍትሔው ቶክኑን ከሰርቨሩ መልስ ለይቶ የሚይዝ ትእዛዝ መጨመር ነው፤ በሎድራነር ይህ ትእዛዝ ቶክኑን ከሚያመጣው ጥያቄ በፊት መጻፍ አለበት። ከዚያም «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ጽሑፍ በእርግጥ መምጣቱን ስክሪፕቱ ራሱ እንዲያጣራ ይደረጋል።

ብዙዎች ከዚህ ድካም ለማምለጥ ትሩክላይንት ወደሚባለው ሌላ የሎድራነር ፕሮቶኮል ይሮጣሉ። እሱ እውነተኛ ብራውዘር ከፍቶ ስለሚጫን ጃቫስክሪፕቱም ቶክኑም በራሱ ይሠራል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ ምናባዊ ተጠቃሚ አንድ ብራውዘር ስለሚሸከም ከኤችቲቲፒው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሜሞሪና ፕሮሰሰር ይበላል። በእኔ እምነት ዋናውን ጭነት በኤችቲቲፒ አሸክሞ፣ ጥቂት የትሩክላይንት ተጠቃሚዎችን ጎን ለጎን ማሰማራቱ የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ሰርቨሩን ይፈትነዋል፣ ሁለተኛው ሰው በስክሪኑ ፊት የሚጠብቀውን ጊዜ ይለካል። መተግበሪያው ከሩቅ ሰርቨር ላይ ስክሪኑን ብቻ በሚያሳየው በሲትሪክስ በኩል የሚከፈት ከሆነና ከጀርባ ያለው መስመር የማይደረስበት ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን የሚያነበው የሲትሪክስ ፕሮቶኮል ይቀራል።

የፈቃድ ክፍያ ለማይችል፣ ነፃ የሆነው የሎድ ቴስት መሣሪያ ጄሜተር አለ። መቅጃው በተለምዶ በፖርት 8888 ላይ በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ይቀመጣል፤ ኤችቲቲፒኤስ ለመቅዳት የሚፈጥረው ጊዜያዊ ሰርተፍኬት በሰባት ቀን ስለሚያልፍበት፣ ከሳምንት በኋላ ቀረጻው እምቢ ሲል መጀመሪያ እሱን ማየት ይጠቅማል። ጄሜተር ብራውዘር አይደለም፤ ጃቫስክሪፕት አያስኬድም። ስለዚህ የሚሰጠው የምላሽ ፍጥነት ገጹ ተሥሎ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ አይጨምርም።

የፍተሻ ሪፖርት የምትጽፉ ባለሙያዎች፣ ከቁጥሮቹ በላይ በየትኛው ፕሮቶኮል እንደቀዳችሁና ምኑን እንዳልቀዳችሁ በግልጽ ጻፉ። ሥርዓቱን ለሕዝብ ለመክፈት የሚወስነው ኃላፊም ይህን ሳያነብ አይፈርም።