በብስክሌት ሲወጡ ፊትዎን ለፀሐይ አይስጡ

ከሜክሲኮ በሳር ቤት በኩል ወደ ወሎ ሰፈር በሚወስደው ኮሪደር የብስክሌት መንገድ ከተሠራ ወዲህ፣ ልጆችን ይዞ መንዳት ለብዙ ቤተሰብ የእረፍት ቀን መዝናኛ ሆኗል። ሄልሜቱና የውኃው ኮዳ አይረሱም። የምትረሳው ፀሐይዋ ናት። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ብስክሌት ላይ ደግሞ ነፋሱ ስለሚያበርደን ቆዳችን ሲጎዳ አይታወቀንም።

ቆዳን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ነው። ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስስ ደመናም አያግደውም።

«የእኛን ቆዳ ፀሐይ ምን ያደርገዋል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከቃጠሎም ከቆዳ ካንሰርም በመጠኑ ይከላከላል። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ይህ መከላከያ ስለሌላቸው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ማዲያት ግን ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ፀሐይም ታባብሰዋለች። ማዲያት የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ፊት የሚያቀላ ክሬም ፍለጋ ነው። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ አለባቸው፤ ጉዳቱ ከማዲያቱ ይብሳል። ስለዚህ የቆዳ ሐኪም ሳያማክሩ አይቀቡ።

መከላከሉ ቀላል ነው።

ሰዓት ይምረጡ፦ ጨረሩ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይውጡ።

በልብስ ይጀምሩ፦ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ዋጋው ቀላል ስላልሆነ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ ወጪዎን ይቀንሳል። ሄልሜት አንገትን አይሸፍንም፤ ሻሽ ካሰሩ ጫፉ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ወደ ውስጥ ይክተቱት።

የቀረውን ይቀቡ፦ ኤስ.ፒ.ኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ይምረጡ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ያውጡና ከመውጣትዎ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ይቀቡ። ጆሮንና መሪ የሚይዘውን የእጅ ጀርባ አይርሱ። ላብ ስለሚያጥበው በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት። ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳል እንጂ ክሬሙን አይተካም።

ክሬሙን ከሄልሜቱ ጋር አንድ ቦታ ያስቀምጡት፤ ልጆችዎ አንዱን ሲያነሱ ሌላውን ያስታውሳሉ።