የመሮጫ ማሽን የደህንነት ቁልፍ፦ ማንን ይጠብቃል?

ትሬድሚል በሚል ስም የሚታወቀው የመሮጫ ማሽን ከስፖርት ማዘውተሪያዎች አልፎ በብዙ መኖሪያ ቤቶች ይገኛል። በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚሠራ ሯጩ ቢወድቅም ቀበቶው መዞሩን ይቀጥላል።

የደህንነት ቁልፉ የተሠራው ለዚህ ነው። ቁልፉ በአብዛኛው በማግኔት መቆጣጠሪያው ላይ ይጣበቃል፤ ገመዱ ደግሞ በመቆንጠጫ ከሯጩ ልብስ ጋር ይያያዛል። ሯጩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ገመዱ ቁልፉን ይነቅለዋል፤ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኃይልም ይቋረጣል።

ሆኖም ኃይል ሲቋረጥ ቀበቶው ወዲያውኑ ላይቆም ይችላል። በአንዳንድ ማሽኖች ሞተሩ ለአፍታ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የቀበቶውን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ፍሬን ይሆናል። በሌሎች ቀበቶው በሰበቃ ብቻ ቀስ በቀስ ይቆማል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚዞር ቀበቶ በአንድ ሰከንድ 2.8 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ይህ አጭር ጊዜ የሕፃንን እጅ ለመጉዳት ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ቁልፉ የሚጠብቀው ገመዱን ያሰረውን ሰው ነው። ከማሽኑ ኋላ የቆመን ሕፃን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ፔሎተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 125,000 ያህል ትሬድ ፕላስ ማሽኖችን ከገበያና ከተጠቃሚዎች እንዲመለሱ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነበር። ሰዎች፣ የቤት እንስሳትና ዕቃዎች በማሽኑ የኋላ ክፍል ሥር ተስበው እንደገቡ ከ70 በላይ ሪፖርቶች ቀርበው ነበር፤ አንድ የ6 ዓመት ሕፃንም ሕይወቱን አጥቷል።

ስለዚህ ሕፃናትን በመንከባከብ ወይም በጽዳት ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች የሚከተሉትን ቢያስተውሉ ይበጃል። ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ ሕፃናት ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሩጫ በኋላ ቁልፉን ነቅሎ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል፤ ቁልፉ በሌለበት ማሽኑ አይነሣምና። ከመወልወል በፊት ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬቱ መንቀል ግድ ነው። ከማሽኑ ኋላም ቢያንስ 2 ሜትር ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ከተጠጋ የወደቀ ሰው በቀበቶውና በግድግዳው መካከል ሊያዝ ይችላል።

ቁልፉን ነቅሎ ማስቀመጥ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ ለሕፃኑ ግን ከማንኛውም ፍሬን የሚቀድም ጥበቃ ነው።