ስልኩ ሲዘጋ መንገዱ እንዳይጠፋ

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከመቀሌ ተነስተን፣ በውቅሮ በኩል አልፈን ገርዓልታ ሄደን ነበር። መኪናችንን ያቆምንበትን ቦታ ስልኬ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ሆኖም ስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ውሎ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ባትሪው አለቀ። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። አንድ እረኛ ባይመራን ኖሮ ጨለማው ተራራው ላይ ይደርስብን ነበር።

ቀዳማይ ወያነ ወዳለው ቤታችን እንደተመለስን በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ሥራዬ ዕቃ ማስተዋወቅ ስለሆነ ማስታወቂያ ማጋነን እንደሚወድ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ «በእርግጥ ያስፈልገናል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ኔትወርክ ከሌለ የስልክ ጂፒኤስ አይሠራም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ስልኩ ያለንበትን ቦታ የሚያሰላው ከምድር በላይ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። ቢያንስ አራቱ ከታዩት ይበቃዋል፤ ክፍያም የለውም። ኔትወርክ የሚፈልገው ካርታው ነው፤ እሱንም ቤት ሳላችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ የወረደ ካርታና አንድ ፓወር ባንክ ይበቃል።

ራሱን የቻለ ጂፒኤስ የሚያስፈልገው ለቀናት በእግር ለሚጓዝ፣ ወይም ተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ በጀልባ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን እዩ።

ባትሪ፦ ጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ በሁለት ኤኤ የባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል፤ ሲያልቅ ከማንኛውም ሱቅ ገዝታችሁ ትቀይራላችሁ። ቻርጅ የሚደረጉት ከዚህ የበለጠ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ካለቁ ግን መብራት ይፈልጋሉ።

ውሃ፦ አይፒኤክስ 7 የሚል ደረጃ ያለው ዕቃ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል። ይህ ማለት ግን ይንሳፈፋል ማለት አይደለም፤ በገመድ እሰሩት። ለረጠበ እጅ ደግሞ ከሚዳሰስ ስክሪን ይልቅ ባለ ቁልፉ ይመቻል። መረብ የጣላችሁበትን ቦታ ይመዘግባል እንጂ ዓሣው የት እንዳለ አይነግራችሁም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ አለ።

ተጨማሪ ነገሮች፦ ኮምፓስና የከፍታ መለኪያ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ለቤተሰብ ጉዞ ግን የግድ አይደሉም። በሳተላይት መልእክት የሚልኩት ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ አላቸው። ዘመድ ከውጭ እንዲያመጣላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጉምሩክን ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ መሣሪያውን እንደ መሪ አትዩት። ቀስቱ የሚያሳየው ቀጥታውን አቅጣጫ ነው፤ መሐል ላይ ገደል ይኑር አይኑር አያውቅም። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ግድግዳው ሳተላይቶቹን ስለሚጋርድ ሊሳሳትም ይችላል። ጦርነቱ ያልፈነዱ ጥይቶችን ጥሎ ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሰው ከሚሄድበት መንገድ አትውጡ፤ የአገሬውን ሰው ጠይቁ፤ ልጆች የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ አስጠንቅቁ።

እኔ ለጊዜው የገዛሁት ፓወር ባንክ ነው። አሁን ከመኪና እንደወረድን ቦታውን የምትመዘግበው ትንሿ ልጄ ናት። ሳትመዘግብ ማንም አይንቀሳቀስም።