ሰልፈኛና የጦር ፍርድ ቤት በደርግ ዘመን

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያ አዋጅ ንጉሡን አውርዶና የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አግዶ ብቻ አላበቃም። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን መፈክሩን መቃወምን፣ አድማንና ያልተፈቀደ ሰልፍን ከለከለ። ክልከላውን የጣሰ በልዩ የጦር ፍርድ ቤት ይዳኝ፣ ፍርዱም ይግባኝ አይኑረው አለ። የሚያንገበግበው ወታደሮቹን ለሥልጣን ያበቃቸው ያው ሰልፍና አድማ መሆኑ ነው። በ1966 የካቲት መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ሙስሊሞች ለእኩልነት የአዲስ አበባን ጎዳና ሞልተውት ነበር።

ክልከላው ቶሎ ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝባዊ መንግሥት የጠየቁት የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር መሪዎች በዚያው መስከረም ታሰሩ። ኅዳር ላይ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ታወጁ። ይሁን እንጂ በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች አንድም ችሎት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ለእኔ የዘመኑ ጠባይ ከዚህ ይጀምራል፦ ችሎቱ አለ፣ ግን ያሻው ሰው ያልፈዋል። መስከረም 1968 በአየር መንገድ የተቃውሞ ወረቀት ሲበትኑ የነበሩ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኮሱ፤ ከቀናት በኋላም በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ በኩል፣ ወንድማማቾቹ መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ በደርግ ላይ መሣሪያ አንስተው ሸፍተው ነበር። ያ ሰልፍ አልነበረም፤ ሆኖም ጠመንጃ የያዘውም ወረቀት የበተነውም «ፀረ አብዮት» በሚል አንድ ስም ተጠሩ። ስሙ ከወጣለት በኋላ ሰውየው ያደረገውን የሚመረምር ዳኛ አያስፈልግም ነበር።

ቀይ ሽብር ሲመጣ ክስ ራሱ ቀረ። ቀበሌና አብዮት ጥበቃ «ነፃ እርምጃ»፣ ማለትም ያለ ፍርድ መግደል፣ ተፈቀደላቸው። በሚያዝያ 1969፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ለተቃውሞ የተሰባሰቡ ወጣቶች በመቶዎች ተገደሉ። ወላጅ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቅ ነበር፤ ማልቀስም ያስጠረጥር ነበር። በጦር ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ቢያንስ መዝገብ አለው። የእነዚህ ልጆች ጥፋት ግን የትም አልተጻፈም።

ሌሎች አምባገነኖች የክሱን መንገድ ይመርጣሉ። በታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሲቪሎች በጦር ፍርድ ቤት ተዳኝተዋል፤ በማይናማር ከ2021 ወዲህ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 505 ተቃዋሚን ማሰሪያ ሆኗል።

በእኛ አገር በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ከሰሰ። የደርግ መሪ የነበረው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባቡዌ ሳለ በ1999 በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ።

የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን ይፈቅዳል፤ የ1983ቱ አዋጅም ሰልፈኛው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ስብሰባን የመከልከልና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማሰር ሥልጣን ሰጠ። መጀመሪያ ለስድስት ወር ታውጆ ለአራት ወር ተራዘመ።