በወንድ ልክ የተሰፋ ዓለም

መኪና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የሰው አምሳያ አሻንጉሊት ተቀምጦበት ከግንብ ጋር ይላተማል። በአሻንጉሊቱ ደረት፣ አንገትና ጉልበት ውስጥ የተቀበሩት መሣሪያዎች የግጭቱን ኃይል ይመዘግባሉ። ለአሥርት ዓመታት በብዛት ሲሠራበት የቆየው አምሳያ ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ ገደማ የሆነ ወንድ ነው። «ሴት» የሚባለውም ቢሆን የወንዱ አምሳያ ወደ 1.50 ሜትርና 49 ኪሎ ገደማ እንዲያንስ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከ100 ሴቶች መካከል ከእሱ የሚያንሱት አምስቱ ብቻ ናቸው። መካከለኛ ቁመት ያላት ሴት በፈተናው ውስጥ የለችም።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ካሮላይን ክሪያዶ ፔሬዝ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ኢንቪዚብል ዊሜን» በተሰኘው መጽሐፋቸውም ሆነ በየአዳራሹ በሚያደርጉት ንግግር ደጋግመው የሚያነሱት ይህንን ነው። በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀበቶ ያሰሩ ሴት አሽከርካሪዎች በተመሳሳይ ግጭት ክፉኛ የመጎዳት ዕድላቸው ከወንዶች በ47 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በአዳዲስ መኪኖች ልዩነቱ ጠቧል፤ አልጠፋም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አጠር ያለች ሴት ፔዳሉን ለመርገጥ ወንበሯን ወደፊት ታስጠጋለች፤ ደረቷ ከመሪው ጋር ይቀራረባል። ከኋላ ስትገጭ ደግሞ ለከባድ ሰው ተብሎ የጠነከረው መደገፊያ ቀለል ያለውን ሰውነቷን ወደፊት ያስፈነጥረዋል፤ አንገቷም ይጎዳል።

በመድኃኒትም ያው ነው። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1992 ነበር። ለሴቶች የሚሰጠው መጠን በግማሽ እንዲቀነስ የታዘዘው ግን በጥር 2013 ነው። 10 ሚሊግራም ከወሰዱ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ማሽከርከርን የሚያሰናክል መጠን በደማቸው ውስጥ የተገኘባቸው ወንዶች 3 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ሴቶቹ 15 በመቶ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሴቶች ማታ በሐኪም ትእዛዝ ውጠው ጠዋት መሪ ይዘዋል።

ይህን ሁሉ «ዘንግተውት ነው» ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል። መዘንጋት አንድ ጊዜ ነው። ጥናቱ ወጥቶ፣ ቁጥሩ ታውቆ ደንቡ ባለበት ሲቆይ ውሳኔ ሆኗል፤ ውሳኔ ደግሞ ባለቤት አለው። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ አስትሪድ ሊንደር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2022 ያስተዋወቁት አምሳያ 1.62 ሜትርና 62 ኪሎ፣ የመካከለኛ ሴት አካል ነው። ስለዚህ መሥራት አይቻልም የሚል ምክንያት የለም።

ጉዳዩን ወደ እኛ የሚያቀርበው የአዲስ አበባዋ ተወላጅ የተመራማሪዋ የዶ/ር ትምኒት ገብሩ ሥራ ነው። ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የፊት ምስል አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የኩባንያ ፕሮግራሞችን ፈተኑ። ለፈተናው የሩዋንዳ፣ የሴኔጋል፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የፊንላንድ፣ የአይስላንድና የስዊድን ምክር ቤት አባላትን ፎቶ ሰበሰቡ፤ 1,270 ሰዎች። ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ፕሮግራሞቹ በጥቅሉ ሲመዘኑ ግን ጥሩ ውጤት ነበራቸው፤ ጉድለቱ የታየው ሴትና ወንዱ፣ ጥቁርና ነጩ ለየብቻ ሲቆጠር ነው። ውጤቱ በአደባባይ ከወጣ በኋላ በተደረገ ድጋሚ ፈተና ከሦስቱ የአንዱ፣ የማይክሮሶፍት፣ ስህተት ጠቆር ባሉት ሴቶች ላይ ከ20.8 ወደ 1.5 በመቶ ወርዷል። ለዓመታት ያልታየው ጉድለት ለማረም የፈጀው ወራት ነው።

ሴትና ወንድን ለየብቻ መቁጠር ለእኛም ያስፈልገናል። አገራችን የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያካሄደችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ውኃ የሚቀዳበት፣ እንጨት የሚለቀምበት፣ ልጅ የሚታጠብበት ሰዓት ያኔ ተቆጠረ። ቧንቧ የት ይዘርጋ፣ የወፍጮ ቤት መንገድ መቼ ይሠራ ብሎ የሚወስን ሹም ከጠረጴዛው ላይ ሊያገኘው የሚገባው እንዲህ ያለው ቁጥር ነው፤ ያውም በየወረዳው፣ በየጊዜው የታደሰ። የበጀት ሰነድ ይዞ ምክር ቤት የሚቀርብ ሚኒስትርም «ከተጠቃሚዎቹ ሴቶቹ ስንት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «በጥቅሉ» ብሎ እንዲያልፍ ሊፈቀድለት አይገባም።